“አረፍ በሉ” ከማለታችን በፊት፦ ስፖርትና ፓርኪንሰን

ሰውየው 58 ዓመቱ ነው። ፓርኪንሰን ከያዘው 10 ዓመት ሞልቶታል። ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ “እስቲ ተራመድ” አሉት። ሰው ደግፎት ትንሽ እንደተንፏቀቀ እግሩ ወለሉ ላይ ተጣበቀ። ከወገቡ በላይ መሄድ ይፈልጋል፣ እግሩ ግን እምቢ አለ። ሊደፋ ሲል ያዙት።

ይኸው ሰው ለሐኪሙ ለባስቲያን ብሉም አንድ የማይታመን ነገር ነገረው። በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ብስክሌት እነዳለሁ አለው። ሐኪሙ ማየት ፈለገና ውጭ አውጥተው ብስክሌት ሰጡት። ሰውየው ፔዳሉን መታ፣ ሄደ፣ ዞሮ ተመለሰ። ሚዛኑን እንኳ አልሳተም። ከብስክሌቱ ሲወርድ እግሩ እንደገና ተጣበቀ። ይህ ታሪክ ከነቪዲዮው በ2010 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብስክሌቱ ሰውየውን አላዳነውም። ያሳየን ሌላ ነገር ነው። ፓርኪንሰን የያዘው ሰው ጡንቻው አልሞተም፣ እግሩም አልሰለለም። ችግሩ ያለው ትእዛዙ ከሚነሣበት ቦታ ነው።

ቦታው ትንሽ ነው፣ ከአንጎል በታችኛው በኩል፣ መሀል ላይ። ሐኪሞች በላቲን “ሰብስታንሺያ ናይግራ” ይሉታል፣ ጥቁሩ ነገር እንደማለት። እዚያ ያሉት ሴሎች ጠቆር ያለ ቀለም ስላላቸው ነው። ሥራቸው ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል መሥራት ነው። ዶፓሚን ባይኖር “ጽዋውን አንሣ” የሚለው ሐሳብ እጅ ላይ እንደ ልብ አይደርስም። ቢደርስም ዘግይቶ፣ ተቆራርጦ፣ አንሶ ይደርሳል። ፓርኪንሰን እነዚህን ሴሎች ቀስ በቀስ የሚጨርስ በሽታ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ቀን ገሚሱ ወይም ከዚያ በላይ አልቋል። ስለዚህ በሽታው “ጀመረ” የምንልበት ቀን በእርግጥ የጀመረበት ቀን አይደለም። ብዙ ዓመት ተደብቆ ቆይቷል። ሽታ መለየት ማቃት፣ የማይለቅ የሆድ ድርቀት፣ በሕልም እየተራገጡ መጮህ፣ እነዚህ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። ሁሉም ግን ሌላ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላልና ሆድ የደረቀበት ሁሉ አይደንግጥ።

እኛ ሰፈር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በሰሌዳ ላይ በሚጽፉት ፊደል የታወቁ ነበሩ፣ እያንዳንዱ ፊደል ጡብ የተደረደረ ይመስላል። አንድ ጊዜ ለዕድር የጻፉትን ዝርዝር አየሁት። መስመሩ ሲጀምር ፊደሉ ደህና ነው፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ እያነሰ እያነሰ መጨረሻው የጉንዳን ሰልፍ ሆነ። መነጽራቸው ነው ብለን አለፍነው። ይኼ ግን አንዱ የታወቀ ምልክት ነው። ሌሎቹ ምልክቶች ሲራመዱ አንድ እጅ አለመወዛወዝ፣ ድምፅ መቀነስ፣ ፊት ላይ ስሜት አለመታየት ናቸው። ሰው “ኮርተዋል” ወይም “አኩርፈዋል” ይላል።

ከዚያ ሐኪም ስሙን ነገራቸው። ቤተሰቡም የሚያውቀውን ፍቅር ሁሉ አፈሰሰ። ጠዋት ዳቦ የሚገዙት እሳቸው ነበሩ፣ ቀረ። ልጆቹ “አባዬ፣ አንተ ቁጭ በል” ይላሉ። ጎረቤቱ “ጋሼ፣ አይልፉ እንጂ!” ይላል። ውኃ ሲፈልጉ ውኃው ይመጣል፣ ጫማቸውን የሚያስረው ሌላ ሰው ነው። በዓመቱ ከወንበሩ የሚነሡት ለመኝታ ሆነ። በሽታው ጠናባቸው አልን። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ግን ወንበሩ ይመስለኛል፣ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ አንድ ሙከራ ሠሩ። በአንድ በኩል ያሉትን የዶፓሚን ሴሎች የሚገድል ኬሚካል ለአይጧ ይሰጣታል። አንዱ የፊት እጇ ይሰንፋል። ያኔ ደህነኛውን እጇን በጀሶ ያስሩታል። እንግዲህ ምን አማራጭ አላት? በሰነፈው እጇ መንቀሳቀስ ግዴታዋ ነው። ለአንድ ሳምንት እንዲህ የተገደዱት አይጦች እጃቸው ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ሆነ። አንጎላቸውም ሲታይ ያጡት ዶፓሚን ያነሰ ነበር። ቀጥለው የተገላቢጦሹን ሞከሩ። ለአይጧ ጉዳቱ ቀለል እንዲል ጥቂት ኬሚካል ሰጧት፣ ጀሶውን ግን ደካማው እጅ ላይ አደረጉት። እጁ ዐረፈ ማለት ነው። የነዚህ አይጦች ጉዳት ባሰ። ቀላል የነበረው ከባድ ሆነ።

ይህን ሳነብ የመምህሩ ወንበር ነው የታየኝ። አይጥ ሰው አይደለችም፣ እሱን እመለስበታለሁ። ግን “አረፍ በሉ” የሚለው ቃል ሁልጊዜ ደግ አለመሆኑን ለመጠርጠር በቂ ነው።

እንቅስቃሴ አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ አንድ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ አንጎል ውስጥ ሴሎችን የሚንከባከቡ ፕሮቲኖች ይጨምራሉ። ታዋቂው ቢዲኤንኤፍ የሚባለው ነው። እንደ ኩትኳቶ አስቡት፦ አዲስ ተክል አይተክልም፣ የተተከለው እንዲይዝና ሥር እንዲሰድ ያደርጋል። ሴሎቹ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎችም ይጠነክራሉ። የዶፓሚን ሴል ብዙ ኃይል የሚበላ ሴል ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ይበልጥ ይገርመኛል። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ አልፋ-ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ይጓጉላል። ፕሮቲኑ ጤነኛ ሰውም ዘንድ አለ፣ ክፋቱ ሲጓጉል ነው። የተጓጎለው ደግሞ ጤነኛውን ያበላሻል። አንዲት ማንኪያ እርጎ አንድ ቅል ወተት እንደምታረጋው ማለት ነው፤ እርሾው ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ይሻገራል። አሁን ወደ ጡንቻ እንመለስ። በ2012 ብሩስ ስፒግልማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጡንቻ ሲሠራ ወደ ደም የሚለቀው አንድ ሆርሞን አገኙ። አይሪሲን አሉት። ስሙ አይሪስ ከምትባለው የጥንት ግሪኮች መልእክተኛ አምላክ የተወሰደ ነው፣ ከጡንቻ መልእክት ያደርሳል ለማለት። በ2022 የእሱ ቡድንና የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እርሾው የተሰጣቸው አይጦች ላይ አይሪሲንን ሞከሩት። የተጓጎለው ፕሮቲን ቀነሰ፣ የዶፓሚን ሴሎቹም ከሞት ተረፉ፣ አይጦቹም እንደ ልብ ተንቀሳቀሱ።

ጥሩ ነው። ግን አይጥ ናት። በአይጥ የሠራ ስንት መድኃኒት ሰው ላይ ሲደርስ ውኃ ሆኗል! የላቦራቶሪ አይጥ በሽታው የሚሰጣት በአንድ ቀን ነው፣ ሰው ግን በሃያ ዓመት ነው የሚታመመው። ስለዚህ ሰውን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስዊድኖች ጠየቁ። ከ43,000 በላይ ሰዎች በ1997 “በሳምንት ምን ያህል ትንቀሳቀሳላችሁ?” ተባሉ። ከዚያ በአማካይ 12.6 ዓመት ተከታተሏቸው። በመሀል 286ቱ ፓርኪንሰን ያዛቸው። በሳምንት ከ6 ሰዓት በላይ በቤት ሥራና ወደ ሥራ በመመላለስ የሚንቀሳቀሱት ከ2 ሰዓት በታች ከሚንቀሳቀሱት ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ43 በመቶ ያነሰ ሆነ። ልብ በሉ፣ የቤት ሥራ ነው። ጂም አይደለም። ልብስ ማጠብ፣ ቤት መወልወል፣ በእግር መመላለስ። እናቶቻችን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ የሚቆጥርላቸው የለም እንጂ።

እዚህ ላይ ግን ተጠራጣሪ ሰው እጁን ያወጣል። ቅድም በሽታው ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል ብለናል። ታዲያ ሰዎቹ ስላልተንቀሳቀሱ ነው የታመሙት ወይስ በሽታው ውስጥ ውስጡን ስለጀመራቸው ነው መንቀሳቀስ ያቆሙት? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፈረንሳዮች ይህን ለመለየት ከ95,000 በላይ ሴቶችን ወደ 30 ዓመት ገደማ ተከታተሉ፣ በ2023 ውጤቱን አወጡ። ከበሽታው በፊት የነበሩትን ብዙ ዓመታት ሳይቆጥሩ እንኳ ብዙ የሚንቀሳቀሱት ሴቶች ዕድል በሩብ ገደማ ያነሰ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በሽታው ሊታወቅ 10 ዓመት ያህል ሲቀረው የታማሚዎቹ እንቅስቃሴ ከሌሎቹ ይበልጥ እያሽቆለቆለ ሄዷል። ሁለቱም እውነት ነው ማለት ነው።

ሌላ የስዊድን ጥናት ደግሞ ደስታችንን በመጠኑ ያበርደዋል። ቫሳሎፔት የሚባል 90 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አላቸው። ወደ 200,000 የሚጠጉ ተወዳዳሪዎችን እነሱን ከሚያህሉ ሌሎች ሰዎች ጋር አስተያዩ። ተወዳዳሪዎቹ ዘንድ ፓርኪንሰን ያነሰ ነበር። ነገር ግን ዓመታት በገፉ ቁጥር ልዩነቱ ጠበበ። አንዱ ትርጓሜ እንዲህ ነው፦ ስፖርተኛው በሽታውን አላመለጠውም፣ ስንቅ ስለያዘ ዘግይቶ ነው የተሰማው። በእርግጥ ለ75 ዓመት ሰው አምስት ዓመት መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን “ስፖርት የሠራ አይታመምም” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መሐመድ ዓሊን አስታውሱት። ከእሱ በላይ ሰውነቱን ያሠለጠነ ማን ነበር? በ1984 ገና በ42 ዓመቱ ነው በሽታው የተነገረው። እርግጥ ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ተደጋጋሚ ምት ራሱ ለበሽታው ያጋልጣል። ቡጢ ሌላ፣ ሩጫ ሌላ ነው።

በእኔ እይታ ከሁሉም የሚጠነክረው ማስረጃ የሚመጣው በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ነው። ምክንያቱም እዚያ በዕጣ መመደብ ይቻላል፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም፣ ከዚያ ይታያል።

መነሻው አንድ ጉዞ ነበር። በ2003 ጄይ አልበርትስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ፓርኪንሰን ካለባት ጓደኛው ጋር በሁለት ሰው ብስክሌት አይዋ የሚባለውን ግዛት አቋረጠ። እሱ ፊት ነው፣ እሷ ኋላ። ፔዳሎቹ የተያያዙ ስለሆኑ በራሷ ከምትነዳው በላይ በፍጥነት እንድትመታ ተገደደች። በመንገድ ላይ የልደት ካርድ ስትጽፍ የእጅ ጽሑፏ ተስተካክሎ ተገኘ። የነዳችው በእግሯ፣ የተሻለው እጇ! ከዚያ በኋላ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ በሥርዓት ሞከረው፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሎ ታየ።

ከዚያ ትልልቆቹ መጡ። በ2018 የወጣው የአሜሪካኖቹ ጥናት 128 አዲስ ታማሚዎችን ይዞ ነበር፣ መድኃኒት ገና ያልጀመሩትን። ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ትሬድሚል ላይ በሳምንት አራት ቀን በኃይል ይሠራል፣ የልብ ምት ከከፍተኛው መጠን ከ80 እስከ 85 በመቶ። ሁለተኛው ለስለስ አድርጎ፣ ከ60 እስከ 65 በመቶ። ሦስተኛው እንደተለመደው ይኖራል። ከስድስት ወር በኋላ በሐኪም መለኪያ፣ ነጥብ ሲጨምር መባስ ነው፣ እንደተለመደው የኖሩት በ3.2 ባሱ። ለስለስ ያሉት በ2። በኃይል የሠሩት ግን በ0.3 ብቻ። ካሉበት አልተነቃነቁም ለማለት ይቻላል።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ያ ብሉም (የብስክሌቱ ሰውዬ ሐኪም) በበኩሉ ለ130 ሰዎች ቤታቸው ሥራ ሰጣቸው። ግማሹ በቆመ ብስክሌት ላይ ጌም እየተጫወተ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይነዳል፣ ግማሹ ሰውነቱን ያፍታታል። በስድስት ወር የነጂዎቹ ውጤት ከአፍታቾቹ በ4.2 ነጥብ የተሻለ ሆነ፣ ያውም መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ተለክተው። በኋላ የተወሰኑትን አንጎላቸውን በኤምአርአይ ሲያዩት የነጂዎቹ አንጎል መሟሸሽ ያነሰ ነበር። በ2024 ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት 10 ሰዎችን ለስድስት ወር በኃይል አሠርቶ ያ ጥቁሩ ቦታ ላይ የዶፓሚን ምልክት ጨምሮ አገኘ። አሥር ሰው ናቸው፣ የሚነጻጸሩበትም ሌላ ቡድን የለም። ስለዚህ ጮቤ አንርገጥ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በመድኃኒት እንኳ አይታይም ነበር። ሌቮዶፓ፣ ዋናው መድኃኒት፣ የጎደለውን ዶፓሚን ይሞላል እንጂ ሴሎቹን ከመሞት አያተርፍም።

ይህ ማለት ክኒኑ ይቅር ማለት አይደለም። በፍጹም። ክኒኑ ባይኖር ስንቱ ከአልጋ ተነሥቶ ስፖርት ሊሠራ? ይልቅ አብረው ይሂዱ። መልመጃው ክኒኑ ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰውነት በተፈታበት።

አንድ ነገር ከጥናቶቹ ሁሉ ጎልቶ ይታየኛል። መንሸራሸር ለጤና ጥሩ ነው፣ ለአንጎል ግን ትንሽ ማለክለክ ይሻላል። ምን ያህል? በስፖርቱ ሰዓት አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል ግን መዝፈን የሚያቅተው ሰው ልክ ላይ ነው። በቁጥር ለሚወድ፣ ከ220 ላይ ዕድሜን ይቀንስ። የ60 ዓመት ሰው 160 ይመጣለታል፣ 80 በመቶው 128 ነው። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚይዙ ለእነሱ ይህ ስሌት አይሠራም፣ መተንፈሱን ይመኑ። አዲስ አበባ የሚኖር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን አይርሳ። ትሬድሚል ያላገኘ ሰው ዳገት አያጣም። ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የሚወጣ የሚወርደውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ግን በሽታው ገፋ ያለበት ሰው ደረጃ ላይ አይሩጥ። ፓርኪንሰን ሚዛንን ይነካል፣ ከተቀመጡበት ሲነሡም ደም ግፊት ድንገት ሊወርድ ይችላል። ስግደት የሚያዘወትሩ አረጋውያን ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው፣ ቀና ሲባል ቀስ ነው። ከከባድ ልምምድ በፊት ልብን መታየት ያስፈልጋል። የአሜሪካው ጥናት ተሳታፊዎችም ልባቸው ሳይታይ አልጀመሩም። ውድቀት ለሚያሰጋው የቆመ ብስክሌት ይሻላል። ወንበር ይዞ መነሣትና መቀመጥም ስፖርት ነው፣ ሃያ ጊዜ ሞክሩትና ንገሩኝ። ለሚዛን ታይ ቺ የተባለው የቻይኖች መልመጃ በ2012 በ195 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ መውደቅን ቀንሷል።

እግር ሲጣበቅ የሚረዳ ሌላ ነገር አለ፣ ምት። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። በጭብጨባም በሙዚቃም ይሆናል። ብስክሌቱም የሠራው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም፦ አንዱ ፔዳል ሲወርድ ሌላውን ይጠራዋል። ከበሮና ጭብጨባ በሞላበት አገር ይህ ሕክምና እጃችን ላይ ነው። ሰርግ ላይ “እግሬ እምቢ ብሎኛል” ያሉ ሽማግሌ ከበሮ ሲመታ ተነሥተው ትከሻቸውን ሲነቀንቁ ያየ ሰው “ሲያስመስሉ ነው” ማለት የለበትም።

መምህሩን የለወጣቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ለልጆቻቸው ያለችው “ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳታቀብሏቸው” ነው። ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ ሆነ፣ ሚስትየው በተለይ አልወደዱላትም። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፊደላቸውም አልተመለሰም። ጠዋት ግን ዳገቱን ወጥተው ዳቦ የሚገዙት ራሳቸው ናቸው። ከኪሳቸው ብር ለማውጣት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ባለሱቁ መጀመሪያ ሰሞን እጁን ሰዶ ሊያግዛቸው ይሞክር ነበር። አሁን ሚዛኑን እየወለወለ ይጠብቃቸዋል።